ታሪክን በእንጨት ላይ መጻፍ

ታሪክ የሚጻፈው በወረቀት ላይ ብቻ ነውን? አይደለም። በድንጋይ ላይ የተጻፈ ታሪክ አለ። በብራና ላይ የተጻፈ አለ። በቃል የሚነገር፣ በዘፈን የሚዜም፣ በሙሾ የሚወርድ ታሪክም አለ። በዚህ ትምህርት የምናየው ግን ሌላ ዓይነት ነው። በእንጨት ላይ ተቀርጾ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ከዚያ በወረቀት ላይ ስለሚታተም ሥዕል እንማራለን። እንዲህ ያለው ሥዕል የኅትመት ሥዕል ይባላል። ሠሪውም የኅትመት ሠዓሊ ይባላል።

ለምሳሌ የምንወስደው በአዲስ አበባ ምዕራብ የሚገኘውን የኮልፌ ቀራንዮን አካባቢ ነው። አንድ የኅትመት ሠዓሊ የዚህን ሰፈር ታሪክ ለሕዝብ ለማሳየት ቢነሣ ከምን ይጀምራል? ምን ይቀርጻል? ምንስ ይተዋል? ማንን ያማክራል? እነዚህን ጥያቄዎች አንድ በአንድ እንመለከታለን። ኮልፌ ከተማ ነው፤ የእናንተ መንደር ደግሞ ገጠር ነው። ይሁን እንጂ ሰው በኖረበት ቦታ ሁሉ ታሪክ ስላለ፣ ስለ ኮልፌ የምንማረው ለመንደራችንም ይሆናል።

1. የአውራ ጣት አሻራ

ፊደል ያልቆጠረ ሰው ሲፈርም አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ወረቀት ላይ ይጫናል። ይህን ያላየ የለም። የተጫነውን አሻራ ቀረብ ብላችሁ ብታዩት ጥቁር መስመርና ነጭ መስመር ታገኛላችሁ። ለምን ይመስላችኋል? የጣት ቆዳ ልሙጥ ስላልሆነ ነው። ከፍ ያለው መስመር ቀለም ይይዛል፤ ወረቀቱንም ያጠቁራል። ጎድጎድ ያለው መስመር ግን ወረቀቱን ስለማይነካ ነጭ ሆኖ ይቀራል።

የቀበሌ ማኅተምም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ከፍ ያለው ፊደል ቀለም ይዞ ይታተማል፤ የጎደጎደው ባዶ ይሆናል። እንግዲህ የኅትመት ሥዕል ዋና ምሥጢሩ ይኸው ነው። ሠዓሊው በሳንቃ ላይ ከፍታና ጉድጓድ ያበጃል። ከፍታው ጥቁር፣ ጉድጓዱ ነጭ ይሆናል።

2. የኅትመት ሥዕል አሠራር

ሥራው በስድስት ደረጃ ይከፈላል።

አንደኛ፣ እንጨት መምረጥ። ሳንቃው ጠፍጣፋ፣ ያልተሰነጠቀና በደንብ የደረቀ መሆን አለበት። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይጣመማል። ይህን ሞፈርና ቀንበር ለሚጠርብ ገበሬ መንገር አያስፈልግም። ለስላሳ እንጨት ለመቅረጽ ይቀላል፤ ነገር ግን ቀጭን መስመር ቶሎ ይሰበርበታል። ጠንካራ እንጨት እጅ ያደክማል፤ ቀጭን መስመር ግን ይይዛል።

ሁለተኛ፣ መንደፍ። ሠዓሊው የሚፈልገውን ሥዕል በከሰል ወይም በእርሳስ በሳንቃው ላይ ይስላል።

ሦስተኛ፣ መቅረጽ። በካራና በትንንሽ መሮ፣ ነጭ እንዲሆን የሚፈልገውን ቦታ እየፈለፈለ ያነሣል። ጥቁር የሚሆነውን ቦታ አይነካውም። አንድ ጊዜ የተነሣ እንጨት ተመልሶ አይገጠምም። በዚህ ምክንያት ቀራጩ አይቸኩልም። በአንድ ሳንቃ ላይ ብዙ ቀን ሊቆይ ይችላል።

አራተኛ፣ ቀለም መቀባት። የማተሚያ ቀለም ወፈር ያለና የሚያጣብቅ ነው። በድሮ ጊዜ ከምን ይሠራ እንደነበር ታውቃላችሁ? ከጥላሸትና ከተፈላ የተልባ ዘይት ነው። ጥላሸቱ ያጠቁራል፤ የተልባው ዘይት ደግሞ ሲደርቅ ወረቀት ላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ቀለሙ ሮለር በሚባል ተሽከርካሪ ዘንግ በስሱ ይቀባል። ከበዛ ጉድጓዱን ይሞላና ሥዕሉን ያበላሻል።

አምስተኛ፣ ማተም። ወረቀቱ በሳንቃው ላይ ይነጠፋል። ከዚያ ማተሚያ መኪና ያለው በመኪና ይጫነዋል፤ የሌለው በማንኪያ ጀርባ እያሸ ያትመዋል። ወረቀቱ ከአንድ ጥግ ተይዞ ቀስ ተብሎ ሲነሣ ሥዕሉ ይታያል።

ስድስተኛ፣ መቁጠር። ሠዓሊው ከአንድ ሳንቃ 20 ቅጂ ቢያትም በእያንዳንዱ ወረቀት ግርጌ ቁጥር ይጽፋል። 3/20 ተብሎ ከተጻፈ «ከ20ው ሦስተኛው» ማለት ነው። ገዢው ስንት ቅጂ እንዳለ ያውቃል፤ ሠዓሊውም ከዚያ በላይ ላለማተም ቃል ገባ ማለት ነው።

ፊደል ለቆጠረ ሰው ደስ የሚል አንድ ነገር እንጨምር። ሳንቃው ላይ የተቀረጸው ሁሉ ሲታተም እንደ መስታወት ይገለበጣል። ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ይሆናል። «በ» የሚለውን ፊደል ብትገለብጡት ብዙም አይለወጥም። «ቡ» ግን በቀኙ በኩል ጭረት አለችው። ስትታተም ጭረቷ በቀኝ እንድትወጣ ከተፈለገ በሳንቃው ላይ በግራ መቀረጽ አለባት። «ኮልፌ» ብሎ ለማተምም ቀራጩ ከቀኝ ጀምሮ ወደ ግራ መሄድ አለበት። ኮ በቀኝ ዳር፣ ፌ በግራ ዳር ይሆናሉ፤ ፊደሎቹም ራሳቸው ፊታቸውን ያዞራሉ። ወረቀት ላይ ጽፋችሁ መስታወት ፊት ብትይዙት ነገሩ ይገባችኋል።

3. ይህ ሙያ ከየት መጣ?

በእንጨት ቅርጽ ማተም ቀድሞ ከተስፋፋባቸው አገሮች አንዷ ቻይና ናት። የታተመበት ዓመት በግልጽ ከተጻፈባቸው መጻሕፍት ሁሉ የቀደመው በዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ868 በእንጨት ቅርጽ የታተመ የቡድሃ እምነት መጽሐፍ ነው። በእኛ ፊደል የመጀመሪያው መጽሐፍ የታተመው ደግሞ በሮም ከተማ እ.ኤ.አ. በ1513 ነበር። እሱም መዝሙረ ዳዊት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የተቋቋመው በ1914 ዓ.ም. ነው።

ኅትመት ለሥዕል ሲሆን አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። በሸራ ላይ የተሳለ ሥዕል አንድ ብቻ ነው። የገዛው ሰው ቤቱ ይሰቅለዋል፤ ሌላው አያየውም። የኅትመት ሥዕል ግን ብዙ ቅጂ አለው። ዋጋውም ይቀንሳል። ስለዚህ ስለ ድሃው ኑሮ መናገር የፈለጉ ሠዓሊዎች ብዙ ጊዜ ኅትመትን መርጠዋል።

ከእነዚህ አንዷ ኬቴ ኮልቪትዝ የምትባል ጀርመናዊት ናት። የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1867 ነው። ባሏ ሐኪም ነበር። በበርሊን ከተማ በሠራተኞች ሰፈር ይኖሩ ነበር፤ ለሕክምና የሚመጡት ድሆች ነበሩ። ኬቴ እነዚህን ሰዎች በየቀኑ ታይ ነበር። ከሥራዎቿ አንዱ በረሃብ ተገፍተው ስላመፁ ሸማኔዎች የሚናገር ነው። ስድስት ሥዕሎች አሉት። በድንጋይና በብረት ላይ ሠርታ ያተመቻቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1898 ለሕዝብ ሲታይ ዳኞቹ የወርቅ ሜዳሊያ ይገባታል አሉ። የጀርመን ንጉሠ ነገሥት ግን አልፈቀደም። ኋላ ልጇ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲሞትባት ሐዘኗን በእንጨት ላይ ቀረጸች።

ወደ አገራችን እንመለስ። ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በ1950 ዓ.ም. ከፈቱ። ትምህርት ቤቱ ኋላ ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በእሳቸው ስም ተጠርቷል። በዚህ ትምህርት ቤት የእንጨት ቅርጽ ኅትመት ካስተማሩት አንዱ ሐንሰን ባሒያ ይባላሉ። ትክክለኛ ስማቸው ካርል ሐይንዝ ሐንሰን ነው። በጀርመን አገር በሐምቡርግ ከተማ ተወልደው ወደ ብራዚል የተሰደዱ ሰው ነበሩ። «ባሒያ» የሚለውን ስም የወሰዱት ከኖሩበት የብራዚል ክፍለ ሀገር ነው። በዚያም ሳልቫዶር በምትባለው ከተማ በአንድ የድሆች ሰፈር የሚኖሩ ሴቶችን ሕይወት በእንጨት ቀርጸው በመጽሐፍ አሳትመዋል። ወደ ኢትዮጵያ የመጡት እ.ኤ.አ. በ1963 ሲሆን እስከ 1966 አስተምረዋል።

ከተማሪዎቻቸው መካከል ዘሪሁን የትምጌታ ይገኛሉ። በ1933 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ተወለዱ፤ ትምህርታቸውን በ1960 ዓ.ም. ጨረሱ። አቶ ዘሪሁን ከመምህራቸው የእንጨት ቅርጽን ተማሩ። የሚቀርጹትን ግን ከውጭ አላመጡም። ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል፣ ከጠልሰምና ከክታብ፣ ከፊደላችንም ወሰዱ። ቆይተውም የቀርከሃ ስንጣሪዎችን ጎን ለጎን ደርድረው በዚያ ላይ መሳል ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1992 በሴኔጋል ዋና ከተማ በዳካር በተደረገው ትልቅ የሥዕል ትርኢት ተሸልመዋል። ሙያው ከሩቅ ቢመጣም ነገሩን ከአገር ቤት ማውጣት እንደሚቻል የእሳቸው ሥራ ያሳያል።

4. የኮልፌ ታሪክ ምን ምን አለው?

አሁን ወደ ምሳሌያችን እንሂድ። ሠዓሊው ሳንቃውን አዘጋጅቷል እንበል። ከኮልፌ ታሪክ ምን ያገኛል? እኛ አራት ነገር እንጠቁማለን።

ሀ. ሸማኔውና ነጋዴው። ኮልፌ ከመርካቶ ወደ ምዕራብ ሲሄዱ የሚገኝ ሰፈር ነው። ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች፣ ከጉራጌና ከስልጤ የመጡ ነጋዴዎች፣ ከሌላም ብዙ አገር የመጡ ሰዎች አብረው ኖረውበታል። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎረቤት ነው። ሸማኔው መቋሚያው ጉድጓድ ውስጥ እግሩን አስገብቶ፣ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ይወረውራል። እጁ፣ እግሩ፣ ዓይኑ አብረው ይሠራሉ። ለቀራጭ ይህን የመሰለ ሥዕል የለም፤ ድሩ ራሱ መስመር ነውና።

ለ. የማንዴላ ነገር። በ1954 ዓ.ም. አንድ ደቡብ አፍሪካዊ ወደ ኮልፌ መጣ። ስሙ ኔልሰን ማንዴላ ነው። በልጅነቱ በገጠር ከብት ጠብቋል። በአገሩ ጥቁር ሕዝብ በነጮች አገዛዝ ይረገጥ ነበር። ነጻነትን በሰላም ጠይቀው እምቢ ሲባሉ እሱና ጓደኞቹ የጦር ትምህርት ፈለጉ። ለዚህም በኮልፌ በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሠፈር ውስጥ ገባ። ዴቪድ ሞትሳማይ በሚል ስም የተጻፈ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነበረው። ተኩስ፣ ፈንጂና የእግር ጉዞ ተማረ። የዚያ ሠራዊት አዛዥ ታደሰ ብሩ ነበሩ። እኚህ ሰው በአገራችን የማንበብና የመጻፍ ዘመቻ ውስጥም ትልቅ ኃላፊነት እንደነበራቸው ልብ በሉ።

ትምህርቱ ስድስት ወር እንዲፈጅ ታስቦ ነበር። ሳያልቅ ጓደኞቹ ስለጠሩት ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ሐምሌ 29 ቀን 1954 ዓ.ም. ተያዘ። ከዚያ 27 ዓመት በእስር ቆየ። የካቲት 4 ቀን 1982 ዓ.ም. ተፈታ፤ በ1986 ዓ.ም. የአገሩ ፕሬዚዳንት ሆነ። ይህ ታሪክ በዓለም ሁሉ ይታወቃል። ሠዓሊው ግን የሚጠይቀው ሌላ ነው። በዚያን ጊዜ በሠፈሩ አጥር ጥግ ጠላ ትሸጥ የነበረች ሴት፣ እንጀራ የጋገረች፣ ልብስ ያጠበች ሰው አልነበረችም? የእነሱን ስም ማን ጻፈው?

ሐ. ዘነበወርቅ። በዚሁ አካባቢ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተጠራ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነበር። በ1958 ዓ.ም. በዚያ ቦታ አለርት የሚባለው የሕክምናና የማሠልጠኛ ማዕከል ተቋቋመ። በ1962 ዓ.ም. ደግሞ አጠገቡ አርማወር ሐንሰን የሚባለው የምርምር ተቋም ተከፈተ። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከየአገሩ በበሽታው የተያዙ ሰዎች ወደዚህ መጡ። ብዙዎቹ ቤተሰብና መንደር አግልሏቸው የመጡ ናቸው። ከዳኑም በኋላ የሚመለሱበት አጥተው በዚያው ጎጆ ቀለሱ፤ ተጋቡ፤ ልጅ ወለዱ፤ ዕድር አቋቋሙ። ሽመናና ጥልፍ ሠርተው የሚኖሩ ነበሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ እንናገር። የሥጋ ደዌ እርግማን አይደለም። ከዘር የሚወርድም አይደለም። ምክንያቱ በዓይን የማይታይ ተዋሲያን ነው። በቆዳ ላይ የሚወጣና ሲነኩት የማይሰማ ነጣ ወይም ቀላ ያለ ምልክት ያየ ሰው ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂድ። መድኃኒቱ በነጻ ይሰጣል። በጊዜ የታከመ ፈጽሞ ይድናል፤ አካሉም አይጎድልም።

መ. ቆሼ። የአዲስ አበባ ቆሻሻ ለአምሳ ዓመት ያህል የተጣለው ረጲ በሚባለው ቦታ ነው። ሕዝቡ ቆሼ ይለዋል። ቆሻሻው እንደ ተራራ ተቆለለ። ሌላ ኑሮ ያጣ ሰው በዚያ ላይ ብረትና ፕላስቲክ እየለቀመ ይሸጥ ነበር፤ ከሥሩም ቤት ሠርቶ ይኖር ነበር። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ ተራራው ተናደ። ከ110 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ።

5. ትርኢቱ እንዴት ይሰናዳል?

ሥዕሎችን ሰብስቦ ለሕዝብ ማሳየት የሥዕል ትርኢት ወይም ኤግዚቢሽን ይባላል። ዝግጅቱ ልክ እንደ ሰርግ ነው። ቀኑ አንድ ነው፤ መሰናዶው ግን ወራት ይፈጃል።

መጀመሪያ ሠዓሊው ይጠይቃል። መሮውን ሳያነሣ ደብተርና እርሳስ ይዞ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ዘንድ ይሄዳል። «እማማ፣ ይህ መንገድ ሳይወጣ በፊት እዚህ ምን ነበር?» «አባባ፣ ውኃ ከየት ትቀዱ ነበር?» ይላል። የአንዱን ሰው ቃል ብቻ አይይዝም። አንድ ሽማግሌ «ወንዙ ላይ ድልድይ ነበር» ቢሉ፣ ሌላው «ኧረ እንጨት ነበር የተጋደመው» ቢሉ፣ ሦስተኛ ሰው ይጠይቃል። ዳኛ ምስክር እንደሚያመሳክር ማለት ነው። ያልተስማሙበትን ነገር እንደ እውነት አድርጎ አይቀርጽም።

ሁለተኛ፣ ይመርጣል። የሰማውን ሁሉ መቅረጽ አይቻልም። አሥራ ሁለት ሥዕል ለመሥራት ወሰነ እንበል። ከእያንዳንዱ ሳንቃ 20 ቅጂ ቢፈልግ 12 × 20 = 240 ወረቀት ያስፈልገዋል። ነገር ግን ሲታተም የሚበላሽ አለ። ለእያንዳንዱ ሳንቃ 3 ወረቀት መጠባበቂያ ቢይዝ 12 × 23 = 276 ይሆናል። ቀለምና ወረቀት ገንዘብ ነው፤ አስቀድሞ ያላሰበ መሐል ላይ ይቆማል።

ሦስተኛ፣ ከእያንዳንዱ ሥዕል በታች አጭር ጽሑፍ ያዘጋጃል። ቦታው የት እንደሆነ፣ ዘመኑ መቼ እንደሆነ፣ ማን እንደነገረው ይጽፋል። ጽሑፉ ፊደል በቅርብ የቆጠረ ሰው የሚያነበው መሆን አለበት። አራት ወይም አምስት አጭር ዐረፍተ ነገር ይበቃል።

አራተኛ፣ ቦታ ይፈልጋል። መሐል ከተማ ባለው የሥዕል አዳራሽ ቢሰቅለው የተማረው ሰው ያየዋል። የኮልፌ ሸማኔ ግን ሥራውን ጥሎ እዚያ ድረስ ይሄዳል ወይ? ስለዚህ በቀበሌ አዳራሽ፣ በትምህርት ቤት ወይም በዕድር ቤት ቢሰቀል ይሻላል። የኅትመት ሥዕል ብዙ ቅጂ ስላለው በሁለቱም ቦታ በአንድ ጊዜ ሊታይ ይችላል። በሸራ ለተሳለ ሥዕል ይህ አይሆንም።

አምስተኛ፣ ሥዕሎቹ ሲሰቀሉ ቁመታቸው የቆመ ሰው ዓይን ትክክል ይደረጋል። ቅደም ተከተላቸው ታሪኩን ይከተላል። በር አጠገብ አንድ ደብተርና እርሳስ ይቀመጣል። ያየ ሰው አስተያየቱን ይጽፋል። «ይህ ስሕተት ነው፤ ዛፉ በዚያ በኩል ነበር» ብሎ የሚጽፍ ሰው ከተገኘ ሠዓሊው ደስ ሊለው ይገባል። ያ ሰው ሥዕሉን የራሱ አድርጎታል ማለት ነው።

6. ምን ይታይ? በማን ፈቃድ?

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ደረስን። ስለ ሸማኔው መቅረጽ አያጣላም። ስለ ዘነበወርቅና ስለ ቆሼ መቅረጽ ግን ያከራክራል። በዚህ ነገር ሁለት ዓይነት አስተያየት አለ።

አንዳንዱ ሰው «ገመና ነው፤ ይሸፈን» ይላል። ምክንያትም አለው። በዘነበወርቅ የተወለደ ልጅ ሥራ ሲፈልግ «የት ሰፈር ነህ?» ሲባል ስሙን ለመጥራት ይፈራ ነበር። ጋብቻም የፈረሰበት አለ። ቆሼ አጠገብ የሚኖር ሰውም እንዲሁ ይናቃል። ሥዕሉ ይህን ንቀት ቢያባብሰውስ? በሐዘን ላይ ያለች እናት የልጇን አሟሟት በግድግዳ ላይ ብታየውስ?

ሌላው ሰው ደግሞ «የተሸፈነ ቁስል አይድንም፤ ይነገር» ይላል። እሱም ምክንያት አለው። የከተማው ቆሻሻ ሁሉ በድሃው ደጅ መጣሉ ካልተነገረ ነገም በሌላ ድሃ ደጅ ይጣላል። የሥጋ ደዌ የያዘው ሰው መዳኑ ካልታየ መንደሩ ማግለሉን አይተውም። ስለ ማንዴላ ብቻ ቀርጾ ስለ እነዚህ ዝም ማለት ሰፈሩን ለእንግዳ ማስዋብ ነው እንጂ ታሪክ መናገር አይደለም።

እኛ ምን እንላለን? ይነገር እንላለን። አነጋገሩ ግን ልክ ይኑረው። ሦስት ነገር ይጠበቅ።

የመጀመሪያው ፈቃድ ነው። በሕይወት ያለ ሰው መልኩ ከመቀረጹ በፊት ይጠየቅ። እምቢ ካለ ይተው። የሞተ ከሆነ ቤተሰቡ ይጠየቅ። ሥዕሉ ለሕዝብ ከመታየቱ በፊት የመጀመሪያው ቅጂ ለባለታሪኩ ይታይ።

ሁለተኛው ክብር ነው። ከሥጋ ደዌ የዳነን ሰው በጎደለ ጣቱ ብቻ ማሳየት ሐሰት ነው፤ ሰውየው ጣት ብቻ አይደለምና። ሲሸምን፣ ልጁን ሲመርቅ፣ በዕድር ስብሰባ ሲናገር ይታይ። ስለ ቆሼም ቢሆን ሬሳ መቅረጽ አያስፈልግም። ለሥራ የተዘጋጀ ባዶ ጆንያ፣ በር ላይ የቀረ ጫማ፣ የለቅሶ ድንኳን ብዙ ይናገራል።

ሦስተኛው ድርሻ ነው። ሥዕሎቹ ቢሸጡ ታሪኩን የሰጡት ሰዎች ምን ያገኛሉ? ይህ አስቀድሞ በግልጽ ይነገር። ቢያንስ ከእያንዳንዱ ሥዕል አንድ ቅጂ በሰፈሩ ይቅር። የዕድር ቤቱ ግድግዳ ላይ ይሰቀል። ልጆች እያዩት ይደጉ።

ይህን ሁሉ የምንለው ነገሩ ስለሚያስቸኩል ነው። ከተማ ሲታደስ አሮጌ ቤት ይፈርሳል፤ መንገድ ይሰፋል፤ ጎረቤት ይበተናል። የሰፈሩን ነገር የሚያውቁት አዛውንቶችም አንድ በአንድ ያልፋሉ። እማማ እከሊት ሲሞቱ ውኃው ከየት ይቀዳ እንደነበር የሚያውቅ ሰው አብሮ ይጠፋል። ያን ጊዜ ሠዓሊው መሮውን ቢያነሣ የሚነግረው ሰው አያገኝም።

7. በመንደራችንስ?

የእናንተ መንደር ፈጥኖ ደራሽ አልሠፈረባት ይሆናል። ማንዴላም አልመጣባት ይሆናል። ግን ክፉ ቀን አልፎባታል። ከሩቅ የመጣ ሰው አርፎባታል። የሚዳኝባት ዋርካ፣ የሚታረቁባት ቦታ፣ ስሟ ከምን እንደመጣ የሚነገር ምንጭ አለቻት። የተገለለ ሰውም አይታጣባት። ይህን ማን ጻፈው? ፊደል የቆጠረው ገበሬ ራሱ ካልጻፈው ሌላ ሰው መጥቶ አይጽፍለትም። ቢጽፍለትም እንደ ባለቤቱ አያውቀውም።

በደብተር መጻፍ መልካም ነው። ሥዕል ልሞክር ለሚልም መንገዱ ቀላል ነው። ትልቅ ድንች በቢላዋ ለሁለት ይቆረጣል። በጠፍጣፋው ፊት ላይ አንድ ቅርጽ፣ ለምሳሌ ቀንበር ወይም ጎጆ፣ ይነደፋል። በዙሪያው ያለው እየተፈለፈለ ይነሣል። ከዚያ የምጣድ ጥላሸት በጥቂት ዘይት ተለውሶ ይቀባና በወረቀት ላይ ይጫናል። ድንቹ በማግሥቱ ይጨማደዳል፤ ስለዚህ በዕለቱ ማተም ነው። እጅ ከለመደ በኋላ ወደ እንጨት መሄድ ይቻላል። ሕፃናት ቢላዋ ሲይዙ ግን ትልቅ ሰው አጠገባቸው ይሁን።

የቃላት ፍቺ

ሳንቃ ፦ ተጠርቦ ጠፍጣፋ የሆነ እንጨት
መሮ ፦ እንጨት የሚፈለፈልበት ስለታም ብረት
ቅጂ ፦ ከአንድ ሳንቃ ከታተሙት ወረቀቶች አንዱ
ትርኢት ፦ ሰው መጥቶ እንዲያየው የተሰናዳ ነገር
ገመና ፦ ሰው እንዲታወቅበት የማይፈልገው ጉዳይ
ማመሳከር ፦ የአንዱን ቃል ከሌላው ጋር ማስተያየት

ጥያቄዎች

1. የአውራ ጣት አሻራና የኅትመት ሥዕል በምን ይመሳሰላሉ?
2. በሳንቃ ላይ ፊደል ሲቀረጽ ለምን ይገለበጣል? የራሳችሁን ስም ገልብጣችሁ ጻፉ።
3. አንድ ሠዓሊ 8 ሳንቃ አለው። ከእያንዳንዱ 15 ቅጂ ሊያትም ይፈልጋል። ለእያንዳንዱ ሳንቃ 2 ወረቀት መጠባበቂያ ቢይዝ በጠቅላላ ስንት ወረቀት ያስፈልገዋል?
4. የሥጋ ደዌ ምልክት ያየ ሰው ምን ማድረግ አለበት?
5. «ገመና ነው፤ ይሸፈን» እና «ይነገር» ከሚሉት አሳቦች የትኛውን ትደግፋላችሁ? ምክንያታችሁን ለጓደኞቻችሁ አስረዱ። ከእኛ አሳብ የተለየ ቢሆንም ተናገሩ።

የተግባር ሥራ

በዚህ ሳምንት ከመንደሩ ሰው በዕድሜ የገፉ አንድ አባት ወይም አንዲት እናት ዘንድ ሂዱ። የመንደሩ ስም ከምን እንደመጣ ጠይቁ። የነገሯችሁን በአምስት ዐረፍተ ነገር ጻፉ። በግርጌው የነገሯችሁን ሰው ስም አስፈቅዳችሁ ጻፉ፤ ቀኑንም አትርሱ። ከዚያ ለሌላ ሽማግሌ አንብቡላቸውና ይስማሙ እንደሆነ ጠይቁ።